ከማድቤት እስከ ፍርድ ቤት፦ በቅኝ ግዛት ዘመን የአሜሪካን ቤቶች በባርነት ያቆሙ ሴቶች

ደመወዝም ሆነ የዕረፍት ቀን አልነበራቸውም፤ የሚወልዱት ልጅ እንኳ በሕግ የጌታቸው ንብረት ነበር

በፈረንጆቹ የካቲት 1783 ቤሊንዳ የተባለች አዛውንት ለማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። አቤቱታው ዕድሜዋ 70 ገደማ መሆኑን፣ ገና ልጅ ሳለች በምዕራብ አፍሪካ ተይዛ በመርከብ መጫኗንና ለ50 ዓመታት በአንድ ቤተሰብ ሥር በባርነት ማገልገሏን ይዘረዝራል። ቤሊንዳ መጻፍ ስለማትችል በፊርማ ፋንታ የመስቀል ምልክት አድርጋበታለች።

ጥያቄዋ አጭር ነበር። ቤተሰቡ ካካበተው ሀብት ውስጥ የእሷም ላብ እንዳለበት፣ ከዚያ ሁሉ ግን አንዲት ጉርሻ እንኳ እንዳልደረሳት ገልጻ፣ ለራሷና ለታመመች ልጇ መጦሪያ እንዲቆረጥላቸው ጠየቀች።

ያገለገለችው አይዛክ ሮያል የተባለውን ባለጸጋ ቤተሰብ ነበር። አባትየው በ1737 ከካሪቢያኗ አንቲጓ ደሴት ወደ ማሳቹሴትስ ሲዛወር 27 ሰዎችን በባርነት ይዞ መጣ። ቤተሰቡ በሜድፎርድ ከተማ የኖረበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከትልቁ የጌቶች ቤት ፊት ለፊት ባሮቹ የኖሩበትና የሠሩበት ሕንፃም አልፈረሰም፤ በሰሜናዊው የአሜሪካ ክፍል ለብቻው ቆሞ የተረፈ የባሪያ ማደሪያ እሱ ብቻ ነው።

ስለ አሜሪካ ባርነት ሲነሳ ለብዙ ሰው በዓይኑ የሚመጣው የጥጥ እርሻ ነው። የጥጥ እርሻ የተስፋፋው ግን በዋናነት አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት 150 ዓመታት በባርነት የተያዙ ሴቶች ጉልበት የፈሰሰው በደቡብ በትምባሆና በሩዝ ማሳ፣ በሰሜንም በደቡብም ደግሞ በማድቤት፣ በጓዳና በሕፃናት አልጋ አጠገብ ነበር። የማሳውን ሥራ በኩንታልና በዋጋ የሚመዘግብ ነበር። የቤቱን ሥራ ግን ማንም አልቆጠረውም።

ከምድጃው ሥር

በስም ከሚታወቁት የቨርጂኒያ አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዎቹ መካከል አንዷ አንጄላ ናት። በ1619 ከአንጎላ ተጭነው ከመጡት አንዷ ስትሆን፣ በ1625 የተደረገው ቆጠራ በጀምስታውን በካፒቴን ዊልያም ፒርስ ቤተሰብ ውስጥ መዝግቧታል። ስለ እሷ የቀረው ጽሑፍ ከአንድ መስመር ብዙም አይበልጥም።

በዚያ ዘመን አንድን ቤት ማንቀሳቀስ የሚጀምረው ከእሳት ነው። ምግብ የሚበስለው በግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ምድጃ ላይ ሲሆን፣ ከባድ የብረት ድስቶች በሰንሰለትና በመንጠቆ ከእሳቱ በላይ ይሰቀላሉ። ሴቲቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በአመድ ተዳፍኖ ያደረውን ፍም ትቀሰቅሳለች፤ እንጨት ታስገባለች፤ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ውሃ ትቀዳለች። ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ መጋሉን የምታውቀው እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ነው። የረዘመ ቀሚስ ለብሶ በፍም አጠገብ መዋል መቃጠልን የዘወትር አደጋ ያደርገዋል።

ከምግቡ ቀጥሎ ልብስ አለ። ሳሙና የሚሠራው ከእንጨት አመድ ከሚጣራ ውሃና ከእንስሳ ጮማ ሲሆን፣ አመዱ ራሱ የእጅ ቆዳ ይልጣል። ልብሱ በትልቅ ጋን ይቀቀላል፤ በእጅ ይታሻል፤ ይጨመቃል፤ በእሳት በጋለ ብረት ይተኮሳል። አንድ ዙር አጠባ ቀናት ይፈጅ ነበር። ከዚህ ሌላ ወተት መናጥ፣ ሥጋ በጨው አሽቶ ማኖር፣ ሻማ ማቅለጥ፣ ሱፍና ተልባ መፍተል፣ መስፋት፣ የሌሊት መጸዳጃ ዕቃ መድፋት፣ በሽተኛ ማስታመም አለ።

የቤት ባሪያ መሆን ከእርሻው የተሻለ ዕድል ነበር የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ምግቡና ልብሱ አንዳንዴ ይሻል እንደነበር እውነት ነው። የእርሻ ሠራተኛዋ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ራሷ ሰዎች መንደር ትመለሳለች። ለቤቷ ሴት መመለሻ የላትም። የምትተኛው በማድቤቱ ወለል፣ በጣሪያው ሥር፣ በኮሪደሩ ወይም ከእመቤቷ አልጋ ግርጌ ነው። ሌሊት ሕፃን ቢያለቅስ፣ እመቤቲቱ ብትጠማ፣ እንግዳ ቢመጣ የምትጠራው እሷ ናት። በሯን ዘግታ የምታድርበት ክፍል ስለሌላት ከቤቱ ወንዶች የሚደርስባትን ጥቃት የምትከላከልበት መንገድ አልነበራትም። ከስሳ የምትቆምበት ሕግም አልነበረም።

በሰሜን ብቸኝነቱ ይብስ ነበር። በ1703 በኒው ዮርክ ከተማ ከአስር ቤተሰቦች በአራቱ ገደማ በባርነት የተያዘ ሰው ይገኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ቤቶች ግን የያዙት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ባልና ሚስት በተለያየ ጌታ ቤት ያድራሉ። ልጅ ደግሞ ለከተማ ቤት ሸክም ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ሕፃናትን በነፃ መስጠት የሚፈልጉ ጌቶች በቦስተን ጋዜጦች ማስታወቂያ ያወጡ ነበር።

ወረቀት ያልመዘገበውን አጥንት መዝግቦታል። በ1991 በኒው ዮርክ ማንሃተን ለመንግሥት ሕንፃ ግንባታ መሬት ሲቆፈር የቅኝ ግዛት ዘመን የአፍሪካውያን መቃብር ተገኘ። የ419 ሰዎች አጽም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመረመረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በአዋቂዎቹ፣ በሴቶቹም ጭምር፣ አንገትና ጀርባ ላይ ከባድ ሸክም ያደረሰው ጉዳት ታይቷል። ውሃና እንጨት፣ ልብስና የገበያ ዕቃ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። አጽሞቹ በ2003 በክብር ዳግም የተቀበሩ ሲሆን፣ ቦታው ዛሬ ብሔራዊ መታሰቢያ ነው።

ሕጉ እናትን ሲከተል

የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1643 ባወጣው ሕግ 16 ዓመት የሞላቸው አፍሪካውያን ሴቶች እንደ ወንዶች ሁሉ ግብር የሚከፈልባቸው እንዲሆኑ ደነገገ። እንግሊዛውያን ሴቶች ግን ሥራቸው የቤት ውስጥ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ከግብሩ ውጭ ነበሩ። በሕጉ ዓይን የነጭ ሴት የቤት ሥራ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ ጥቁር ሴት ደግሞ ማሳም ዋለች ጓዳ፣ ለግብር የምትቆጠር ጉልበት ናት። በ1668 ነፃ የሆኑ ጥቁር ሴቶችም ከዚህ ግብር እንደማያመልጡ ምክር ቤቱ አረጋገጠ።

በመካከሉ ኤልዛቤት ኪ የተባለች ሴት ፍርድ ቤት ቀረበች። አባቷ እንግሊዛዊ፣ እናቷ በባርነት የተያዘች አፍሪካዊት ነበረች። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ማንነት ይወርሳል። ኤልዛቤት አባቷ ነፃ ሰው መሆኑን፣ እሷም የተጠመቀች ክርስቲያን መሆኗንና ልታገለግል የተወሰነላት ዘመን ካለፈ መቆየቱን አቅርባ ተከራከረች። በ1656 ነፃነቷን አገኘች። የወከላትን ዊልያም ግሪንስቴድን አገባች።

የቨርጂኒያ ባለርስቶች መልስ ለመስጠት ብዙ አልቆዩም። በታህሳስ 1662 የወጣው ሕግ በቅኝ ግዛቷ የሚወለድ ልጅ ነፃ ወይም ባሪያ የሚሆነው በእናቱ ሁኔታ ነው አለ። በ1667 ደግሞ ጥምቀት ማንንም ከባርነት እንደማያወጣ ተደነገገ። ኤልዛቤት ኪ የገባችባቸው ሁለት በሮች በአምስት ዓመት ልዩነት ተዘጉ።

የ1662ቱ ሕግ ውጤት በእያንዳንዱ ቤት ታየ። ጌታ ከባሪያው የወለደው ልጅ በሕግ ልጁ ሳይሆን ንብረቱ ሆነ። ሴቲቱን የደፈረ ሰው አይከሰስም፤ ይልቁንም ሀብቱ ይጨምራል። በኑዛዜዎች ላይ አባት ለልጁ አንዲትን ሴት ሲያወርስ ወደፊት የምትወልዳቸውንም አብሮ ማውረስ የተለመደ ሆነ። ገና ያልተጸነሱ ሕፃናት በውርስ ተከፋፈሉ።

የራስን አስርቦ የሌላን ማጥባት

የቤት ሥራ ከሚባለው ሁሉ ከባዱ ምናልባት ይህ ነው። የወለደች እመቤት ማጥባት ባልቻለች ወይም ባልፈለገች ጊዜ በቅርቡ የወለደች ባሪያ ትጠራለች። ጋዜጦች ላይ ጤነኛና ወተት ያላት አጥቢ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ መቅረቧን የሚገልጹ ማስታወቂያዎች ይወጡ ነበር። የራሷ ልጅ የሚጠባው የተረፈውን ነው፤ ካልተረፈ ደግሞ በገንፎና በላም ወተት ለማደግ ይሞክራል።

ሞግዚቷ ያሳደገችው ሕፃን አድጎ ጌታዋ ይሆናል። ሲያገባ እሷን ወይም ልጇን በስጦታ ሊወስድ ይችላል። ማርታ ዋሽንግተን በ1759 ጆርጅ ዋሽንግተንን ስታገባ፣ ከሟች ባሏ ውርስ በድርሻዋ የደረሷት ከ80 በላይ ባሮች ነበሩ። ምግብ አብሳይዋን ዶልን ጨምሮ በርካቶቹ ወደ ማውንት ቨርነን አብረዋት ተዛወሩ።

ሙቀጫ፣ ዘነዘናና ሰፌድ

እነዚህ ሴቶች ጉልበት ብቻ አልነበሩም፤ እውቀትም ይዘው መጥተዋል። በሳውዝ ካሮላይና ከ1700ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጥቁሮች ከነጮች በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ የቅኝ ግዛቷ ዋና የወጪ ንግድም ሩዝ ሆነ። ሩዝ ማምረትን ከምዕራብ አፍሪካ የመጡት ሰዎች ያውቁታል። በወንዝ ኃይል የሚሠሩ ወፍጮዎች እስኪስፋፉ ድረስ ሩዙ የሚፈተገው ከእንጨት በተፈለፈለ ሙቀጫ በዘነዘና ሲሆን፣ ገለባው የሚለየው በሰፌድ ነበር። ከማሳ የተመለሱ ሴቶች ንጋት ላይና ማታ ይወቅጡ ነበር። በኃይል ቢወቅጡት ሩዙ ተሰባብሮ ዋጋው ይወድቃል፤ ቢያላሉት አይፈተግም። ሣር እየጠቀለሉ የሚሰፉት ሰፌድና ሙዳይ ሙያ ዛሬም በቻርለስተን አካባቢ ጉላ በሚባሉት የእነዚያ ሰዎች ዘሮች እጅ አለ።

ባሚያ፣ ሎቢያና ሰሊጥ ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ማዕድ የገቡት በባርነት ንግዱ ዘመን ነው። የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ምግብ ተብለው የሚታወቁት የባሚያ ወጥና የሩዝ ከሎቢያ ምግቦች የተወለዱት በእነዚህ ሴቶች ምድጃ ላይ ነው። የአሠራር መጽሐፉን የጻፉት ግን እመቤቶቹ ነበሩ። በማስታወሻ ደብተሮቻቸው ላይ ቅመሙና መጠኑ ሰፍሯል፤ የአብሳይዋ ስም አልሰፈረም።

እራት ላይ ሳሉ የወጣችው

በማውንት ቨርነን በ1773 ገደማ የተወለደችው ኦና ጀጅ የ1662ቱ ሕግ በአንድ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ታሳያለች። አባቷ አንድሩ ጀጅ ከእንግሊዝ በውል የመጣ ነጭ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ውሉን ጨርሶ ነፃ ሆኖ ሄደ። እናቷ ቤቲ ከማርታ ድርሻ ባሮች አንዷ የሆነች ሰፊ ነበረች። ስለዚህ ኦናም ባሪያ ሆና ተወለደች።

በ10 ዓመቷ ገደማ ወደ ትልቁ ቤት ገብታ የማርታ የግል አገልጋይ ሆነች። ዋሽንግተን ፕሬዝዳንት ሲሆን ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያም ወደ ፊላደልፊያ አብራ ተወሰደች። የፔንሲልቬኒያ ሕግ ከስድስት ወር በላይ በግዛቲቱ የቆየ ባሪያ ነፃ እንዲሆን ይፈቅድ ስለነበር፣ የዋሽንግተን ቤተሰብ ቀኑ ከመሙላቱ በፊት ባሮቹን ከግዛቲቱ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር።

በ1796 ኦና ለማርታ የልጅ ልጅ በስጦታ ልትሰጥ እንደሆነ ሰማች። በግንቦት ወር አንድ ቀን ቤተሰቡ ለእራት እንደተቀመጠ በሩን ከፍታ ወጣች። በመርከብ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ፖርትስማውዝ ደረሰች። ፕሬዝዳንቱ በመንግሥት ሹማምንት በኩል ሊያስመልሳት ቢሞክርም አልተሳካም። ኦና አግብታ ወለደች፤ ማንበብም ተማረች፤ ኑሮዋ ግን የድህነት ነበር። በ1840ዎቹ ያነጋገሯት ጋዜጦች ከዚያ ሁሉ ምቾት መውጣቷ ይቆጫት እንደሆነ ቢጠይቋት፣ ነፃ በመሆኗ እንደማትጸጸት መልሳለች። በ1848 ስትሞት በሕግ ፊት አሁንም የኮበለለች ባሪያ ነበረች።

ጠባሳዋን ያልሸፈነችው

በምዕራብ ማሳቹሴትስ ሸፊልድ ከተማ የዳኛው የጆን አሽሊ ቤት ነበረ። በዚያ ቤት በባርነት የምታገለግለው ቤት ወይም ማም ቤት የምትባል ሴት ነበረች። በ1773 የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች በአሽሊ ቤት ተሰብስበው የሰው ልጅ በተፈጥሮው እኩልና ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የአቋም መግለጫ አረቀቁ። ንግግሩ የሚካሄደው እሷ በምታገለግልበት ቤት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን እመቤቷ ሀና አሽሊ በእሳት የጋለ የምድጃ አካፋ አንስታ ሊዚ የተባለችውን ወጣት ልትመታ ቃጣች። ቤት ክንዷን ዘርግታ ምቱን ራሷ ተቀበለች። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ቀረ። በኋላ በቅርብ የሚያውቋት እንደተረኩት፣ ክንዷን አትሸፍንም ነበር። ሰው እመቤቲቱ ባለችበት ምን እንደነካት ሲጠይቃት እመቤቴን ጠይቋት ትል ነበር።

በ1780 የጸደቀው የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ ነፃና እኩል ሆነው ይወለዳሉ የሚል አንቀጽ ያዘ። ቤት ይህን ከሰማች በኋላ ወደ ሕግ ባለሙያው ቴዎዶር ሴጅዊክ ሄደች። ያ ሰው በአሽሊ ቤት የ1773ቱን መግለጫ ካረቀቁት አንዱ ነበር። ብሮም ከተባለ ሌላ በባርነት የተያዘ ሰው ጋር በአንድነት ከሰሱ። በነሐሴ 1781 በግሬት ባሪንግተን የተሰየመው ችሎት ሁለቱም የአሽሊ ባሮች እንዳልሆኑ ፈረደ፤ 30 ሽልንግ ካሳም ወሰነላቸው። በማሳቹሴትስ ባርነት ሕጋዊ መሠረቱን እንዲያጣ መንገድ ከከፈቱት ፍርዶች አንዱ ይህ ነው።

አሽሊ በደመወዝ ተመልሳ እንድትሠራለት ቢጠይቃትም እምቢ አለች። ኤልዛቤት ፍሪማን የሚል ስም ወሰደች፤ ትርጉሙ ነፃ ሰው ማለት ነው። በሴጅዊክ ቤት በደመወዝ ሠራች፤ በአዋላጅነትና በአስታማሚነት ታወቀች፤ ባጠራቀመችው ገንዘብ የራሷን ቤት ገዛች። በ1829 አረፈች። በ2022 በሸፊልድ ሐውልት ቆሞላታል።

ሒሳቡ

የቤሊንዳስ አቤቱታ? የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ጥያቄዋን ተቀብሎ ከሮያል ንብረት በዓመት 15 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ እንዲከፈላት ወሰነ። ክፍያው ግን ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። እስከ 1793 ድረስ ደጋግማ አቤት ማለት ነበረባት።

ከዚያው ከሮያል ሀብት ሌላ ድርሻ ወደ ሃርቫርድ ሄደ። ልጅየው አይዛክ ሮያል በኑዛዜ የተወው ርስት በ1815 ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ የሕግ ፕሮፌሰርነት መቋቋሚያ ዋለ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ከሮያል ቤተሰብ አርማ የወሰደውን ሦስት የስንዴ ነዶ ያለበት መለያ የተወው በ2016 ነው።

የቤት ሥራን ከቁጥር የማውጣቱ ልማድ ባርነት ከተሻረ በኋላም ቀጠለ። አሜሪካ በ1935 የጡረታ ሕጓን፣ በ1938 ደግሞ የዝቅተኛ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕጓን ስታወጣ የቤት ሠራተኞች አልተካተቱም። በዚያ ዘመን ተቀጥረው ከሚሠሩት ጥቁር ሴቶች አብዛኞቹ ይሠሩ የነበረው በሰው ቤት ነው። የዝቅተኛ ደመወዝ መብት ለቤት ሠራተኞች የተዳረሰው በ1974፣ ቤሊንዳ አቤቱታዋን ካቀረበች ከ191 ዓመት በኋላ ነበር።

የዓለም ሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን 189ኛ ስምምነቱን ያጸደቀው በ2011 ነው። ስምምነቱ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ ሠራተኞች በዕረፍት ሰዓታቸው ከቤት እንዲቆዩ እንዳይገደዱና ፓስፖርታቸውን ራሳቸው እንዲይዙ ይደነግጋል። የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ሠራተኛ መሆኗን በዓለም አቀፍ ሕግ ለመጻፍ እስከዚያ ድረስ ፈጅቷል።